ሌሊት አስር ሰዓት ከሚነሱ ሰዎች ጋር፦ የኩንዳሊኒ ዮጋ ማዕከል ኑሮዬ

ሰሞኑን ሁለት የሐበሻ ልጆች ስለ ኩንዳሊኒ ዮጋ (እንቅስቃሴ፣ እስትንፋስና ዜማ ስለሚቀላቀልበት የዮጋ ዓይነት) ጠየቁኝ። አንዷ "ልግባበት ወይ?" ትላለች። ሌላዋ "እንዴት ልውጣ?" ለሁለቱም የምናገረው ያው አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እዚሁ ልጻፈውና ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው።

እኔ ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ የኩንዳሊኒ ዮጋ ማዕከል ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ኋላም የማዕከሉ ሰዎች በጋራ በሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ስሙን አልጠራም። እዚያ የተዋወቅኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም ወዳጆቼ ናቸው፤ ክፉ ቀኔንም ያሳለፍኩት ከእነሱ ጋር ነው። አመስግኜ ብቻ እንዳልፍ ግን የከፈልኩት ነገር አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አባቴ ያረፈው የጥገኝነት ጉዳዬ ገና ሳይወሰን ነው። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ያለ ሰው አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ቢል ጉዳዩ ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ ቀብሩን በስልክ አየሁት። ዘመድ ወዳጅ ቤቴ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ። ከሦስት ቀን በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ገባ። ምን ያድርጉ? እዚህ አገር ለቅሶ ረጅም ቀን አይቀመጡም። እኔም የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ወደሚኖሩበት መጦሪያ፣ ወደ ሌሊት ሺፍቴ ተመለስኩ።

እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ያኔ ነው። ቀን መጋረጃ ዘግቼ እጋደማለሁ፤ ልቤ ይደልቃል፣ እጄን ያልበኛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ሐኪም ጋ ሄድኩ። ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው ተባልኩ። ክኒን ታዘዘልኝ፣ አማካሪ እንዳናግርም ተላክሁ። ይህን የማወራው ዮጋው ከመምጣቱ በፊት ሐኪም እንዳየኝ እንድታውቁ ነው። ልቡ የሚደልቅበት ሰው መጀመሪያ ልቡን ይመርመር። ዮጋው የትም አይሄድበትም።

ማዕከሉ የወሰደችኝ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። "ምንም ማመን አይጠበቅብሽም፤ መጥተሽ ተንፍሺ" አለችኝ።

ጫማ ውጪ ይወልቃል። አዳራሹ ውስጥ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥምጥም ያደረጉም አሉ። ፈረንጁን ሊያስደነግጠው ይችላል፤ ነጠላና ጥምጥም እያየ ላደገ ሰው ግን ብዙም አይገርምም። ትምህርቱ "ኦንግ ናሞ ጉሩ ዴቭ ናሞ" በሚል ዜማ ይከፈታል፤ ሦስት ጊዜ ይባላል። ቀጥሎ አከርካሪን የሚያፍታቱ እንቅስቃሴዎች ይመጣሉ። ሲያዩዋቸው ቀላል ናቸው። እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ሦስት ደቂቃ ያዙ ሲባል ምን ችግር አለው ትላላችሁ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ታውቁታላችሁ።

የእሳት እስትንፋስ የሚሉት ደግሞ አለ። በአፍንጫ ብቻ፣ ማስገባትና ማስወጣቱ እኩል ሆኖ፣ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አየሩ በወጣ ቁጥር እምብርት ወደ ውስጥ እየተሳበ። እኔ ገልብጬ ሠራሁትና ራሴን አዞረኝ። እርጉዝ ሴት፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን መሥራት የለበትም። ክፍሉ ሲሞላ አስተማሪው ማስጠንቀቁን ሊረሳ ስለሚችል እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት። "ይሄን ዛሬ አልሠራም" ማለት ነውር የለውም። ቀስ ብሎ መተንፈስ ሁልጊዜም ይቻላል።

መጨረሻ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ማረፍ ነው። ጎንግ የሚሉት፣ ትልቅ የብረት ሳህን የሚመስል ነገር ይመታል። ለስንት ጊዜ እንቅልፍ ያጣሁት ሴትዮ እዚያ ወለል ላይ ድብን ብዬ ተኛሁ። ለካ አንኮራፍቻለሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ስነቃ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ ብርድ ልብስ ደርበውልኛል፣ አንዲት አሮጊት ጥግ ላይ ምንጣፍ ይጠቀልላሉ። ቀና ብለው አዩኝና "ሻይ አለ" አሉኝ።

ሻዩን ስቀምስ ሳቄ መጣ። የኛው የቅመም ሻይ ነው! ለአንድ ሰው ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አራት ፍሬ ሄል ሰንጠቅ ተደርጎ፣ አራት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ እንጨት ቀረፋና አንድ ቁራጭ ዝንጅብል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈላል። ከዚያ ትንሽ ሻይ ቅጠል ጣል ይደረግበታል፣ በመጨረሻ ወተት። በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ኮረሪማ ገዝቼ ጨመርኩበት። አሮጊቷ ቀምሰው ምንም አላሉም። በሳምንቱ ግን "ያ ቅመም አልቋል፣ መቼ ታመጪያለሽ?" አሉኝ። ከእኚህ ሴት ጋር የተወዳጀነው እንደዚህ ነው።

እሳቸው አሜሪካ ውስጥ ይህን ዮጋ ከተከተሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናቸው። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሀርብሃጃን ሲንግ የሚባል፣ ዴልሂ አየር ማረፊያ የጉምሩክ ሠራተኛ የነበረ ሲክ (ህንድ ውስጥ፣ ፑንጃብ በሚባል አገር የተነሳ ሃይማኖት ተከታይ) በ1968 ካናዳ ገባ፤ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ። በ1969 ስሪ ኤች ኦ (3HO) የተባለውን የዮጋ ድርጅት አቋቋመ። ሰዉ ዮጊ ባጃን ይለዋል። ዘመኑ የሂፒዎች ነበር። ዕፅ የሰለቻቸው ወጣቶች ተከተሉት፤ ፀጉራቸውን መቁረጥ ተዉ፣ ጥምጥም ጠመጠሙ፣ ሥጋና መጠጥ እርግፍ አደረጉ። እኔ ስደርስ እነዚያ ወጣቶች አያት ሆነው ነበር። እሱ በ2004 ሞቷል። ፎቶው ግን አዳራሹ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ ማሰላሰልም አንዱ ልምምድ ነበር።

ከሁሉም የጠቀመኝ በጣም ቀላሉ ነው። ኪርታን ክሪያ ይባላል። "ሳ፣ ታ፣ ና፣ ማ" እያላችሁ አውራ ጣታችሁን በተራ ከሌባ ጣት፣ ከመሃል ጣት፣ ከቀለበት ጣትና ከትንሿ ጣት ጋር ትገጥማላችሁ። መጀመሪያ ድምፅ አውጥቶ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በልብ፤ ከዚያ በመጣበት መመለስ። አጭሩ 12 ደቂቃ ነው። ዩሲኤልኤ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ በሚያስታምሙ 39 ሰዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2013 አሳትመዋል። አንዱ ቡድን ለ8 ሳምንት ይህን ሠራ፤ ሌላው የሚያረጋጋ ሙዚቃ አዳመጠ። የሠሩት ሰዎች ድብርት የበለጠ ቀለለላቸው። ትንሽ ጥናት ናት፤ ተአምር ተገኘ የሚያሰኝ አይደለም። እኔ ግን ሥራዬ ከእነዚያው ሕሙማን ጋር ስለሆነ ልቤን ነካኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጸጥ ሲል እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ጣቶቼን እቆጥር ነበር። ማንም አያይ፣ ማንም አይሰማ። ቀስ በቀስ ልቤም አደብ ገዛ።

በጋራ ቤቱ ክፍል ሲለቀቅ ዓይኔን አላሸሁም። የሎስ አንጀለስን የቤት ኪራይ የቀመሰ ያውቃል። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ መጠጥ፣ ሲጋራ አይገባም። ሁሉም ሰው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ያለ ክፍያ ያገለግላል፤ ሴቫ ይሉታል። ለረቡዕና ዓርብ ጿሚ የተመቸ ቤት ነው። ማሾና ሩዝ አንድ ላይ ተቀቅሎ ከአትክልት ጋር ይበላል። ከህንድ የመጡ አንዳንድ የዮጋ ሰዎች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይነኩም፤ እዚህ ቤት ግን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የድስቱ መሠረት ናቸው። እና ሽሮዬን ማንም አልጠላም። ያስቸገራቸው በርበሬው ብቻ ነው።

ስለ መንፈስ ከፍታ የሚሰብኩ ሰዎች በሰሃን እጣቢ ሲጣሉ ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። አንድ ጎረምሳ ነበር። ድምፁ ያምራል፣ ጊታር ይዞ ይዘምራል፣ የበላበትን ግን አያነሳም። እኔ ደግሞ የይሉኝታ ልጅ ነኝ። ዝም ብዬ አጥብለታለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። አንድ ቀን የሩዝ ድስቱን እየፈገፈግኩ አሮጊቷ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ቂጡ ያረረ፣ እጅ እስከ ክርን የሚገባበት ትልቅ ድስት ነው።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ድስቱን ልትበሺው ነው እኮ። ለሱ ንገሪው እንጂ ድስቱ ምን አደረገሽ?"

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ተናገርኩ። ልጁ ፊቱ ቀላ። "ደስ እያለሽ የምትሠሪው መስሎኝ ነበር" አለ። እውነቱን ነው! ስስቅለት ነበራ። ከዚያ በኋላ ማጠብ ጀመረ፤ አጥቦ ባይጨርስም። እኔ ሰው ፊት "ይሄ አይመቸኝም" ማለት የለመድኩት እዚያ ስብሰባ ላይ ነው። አድገሻል የሚሉኝ ከሆነ ያደግኩት እዚያ ነው። ኩንዳሊኒ የሚባለው ከአከርካሪ ሥር ተጠቅልሎ የተኛ ኃይል ሲነሳ እኔ አላየሁም። ሲጠብቁት ዓመታት የፈጁ አውቃለሁ። አሮጊቷ "መዘመር የሚችል ሞልቷል፤ ድስት የሚያጥብ አምጡልኝ" ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ።

ሳድሃና የሚባል የንጋት ሥርዓት አለ። ሌሊት አስር ሰዓት ገደማ ይጀመራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከመምጣት በፊት ቀዝቃዛ ሻወር፣ ከዚያ ጃፕጂ የሚባለው የሲኮች የማለዳ ጸሎት፣ ከዚያ ዮጋ፣ ከዚያ 62 ደቂቃ ዜማ። ልጅ ሆኖ ማኅሌት የቆመ ሰው የዚያን ሰዓት ጣዕም አይረሳውም። እኔም ሳብ አደረገኝ። ለሱ ስል ሺፍቴን ወደ ማታ አዞርኩ። ሌሊት አምስት ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ ስድስት ተኩል እተኛለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል እነሳለሁ። በላዩ ላይ የአርባ ቀን ስእለት የሚመስል ነገር አለ፤ አንድ ቀን ካለፈ ከአንድ ይቆጠራል። ዓይኔ ሲቀላ አስተማሪዬ "ድካም አይደለም፣ እኔነትሽ እየታገለሽ ነው" አለችኝ። አመንኳት።

ኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። እግሬ ፍሬኑን ለቀቀ፤ የፊቱን መኪና ገጨሁ። ደግነቱ ለስላሳ ግጭት ነበር። ከመኪናው የወረዱት አንዲት ሜክሲኳዊት እናት ናቸው። እቆጣለሁ ብለው መጥተው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። "ሚሃ (ልጄ)፣ ቤትሽ ሂጂና ተኚ" አሉኝ። ለመኪናቸው መከላከያ ከፍያለሁ፤ ምክሩን ግን በነፃ ነው ያገኘሁት።

እኔ ማዕከሉ የመጣሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው። ያንኑ እንቅልፍ መልሰው ሲወስዱብኝ አጨበጨብኩ። ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ፦ ሰባት ሰዓት ካልተኛችሁ ሳድሃና ይቅርባችሁ። በራሱ በዚህ ዮጋ የ11 ደቂቃ ልምምድ ሞልቷል፤ ከሻወር በኋላ ቤት ውስጥ ይሠራል። ድካማችሁን፣ ሕመማችሁን ወይም ጥርጣሬያችሁን ሁሉ "እኔነት ነው" እያለ የሚመልስ አስተማሪ ካጋጠማችሁ ከዚያ ሰው ምክር አትቀበሉ። ሰውነታችሁ ከልምምድ ውጪ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ፍርሃት ከያዛችሁ ደግሞ ሁሉንም አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ የቤታችን ሰው ክኒንሽን ተይው፣ እስትንፋስ ይበቃሻል ብሎኝ ነበር። እሱን እንኳ አልሰማሁትም። መድኃኒት በዘፈቀደ ሲቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ሥራ ቦታዬ አይቻለሁ። ቀንሼ የተውኩት ሐኪሜ ባለኝ ጊዜ፣ እሱ ባለኝ መጠን ነው።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀስ በቀስ ቀርቼ ነበር፤ እሁድ ጠዋት ሴቫ አለብኝ እያልኩ። እናቴ በስልክ "ምን አግኝተሽ ነው?" ትላለች፤ "ስፖርት ነው እማዬ" እላታለሁ። ስፖርት ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ጎንበስ ቀናውን ተይውና፣ ስትዘምሩ ማንን ነው የምትለምኑት?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማዕከሉ ሄጄ ስጠይቅ "ሃይማኖት አይደለም፤ ኃይል ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" ተባልኩ። ይሄ እውነት አይደለም። ጃፕጂ የሲክ ሃይማኖት መሥራች የጉሩ ናናክ ጸሎት ነው። ሌሎቹም ዜማዎች ብዙዎቹ ከሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ የመጡ ናቸው። ብዙ የፑንጃብ ሲኮች ራሳቸው ዮጋ ከሃይማኖታቸው ጋር መቀላቀሉን አይወዱትም። የሰው ጸሎት ጸሎት ነው፤ ስፖርት ብሎ ማቃለሉ ለነሱም ለኛም ክብር አይደለም።

እኔ የራሴን መስመር አሰመርኩ። መተንፈሱና እንቅስቃሴው ይቀጥላል። የንጋት ጸሎቱ ላይ አልገኝም፣ ፎቶ ፊት አላሰላስልም፣ እሁድ ቅዳሴ እሄዳለሁ። መንፈሳዊ ስም ውሰጂ ሲሉኝም ሳቅኩ። ለሴቱ ሁሉ ካውር የሚል ይጨመርበታል። እኔ የቤት ስምም የክርስትና ስምም አለኝ፤ ሦስተኛ የት ላስቀምጠው? የእናንተ መስመር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሳታሰምሩ ግን አትግቡ። መስመሬን ስናገር ከማዕከሉ አንድ ሁለት ሰው ቀዘቀዘኝ፤ አሮጊቷ ደግሞ ይባስ ብለው የእሁዱን ሴቫዬን ወደ ቅዳሜ ቀየሩልኝ።

ገንዘብም አለ። የአስተማሪነት ሥልጠናው ያኔ 220 ሰዓት ነበር፤ ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነበር። ከክፍል በኋላ ጠጋ ብለው "አንቺ እኮ አስተማሪ ሆነሽ የተወለድሽ ነሽ" ይሏችኋል። ለኔም አሉኝ፤ ደስም አለኝ። በኋላ ለስንት ሰው እንዳሉት ሰማሁ። ብሩን ግማሹን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ሥልጠናው መጥፎ አልነበረም፤ የሰውነት አሠራር ተምሬበታለሁ። ዕዳው ግን ወለዱን ይዞ ከሥልጠናው የበለጠ ቆየ። ልትገቡበት ካሰባችሁ ጠቅላላውን ዋጋ፣ ከመኖሪያና ከምግብ ጋር፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ብታቋርጡ ምን ያህል እንደሚመለስም ጠይቁ። "እስከ ዓርብ ብቻ ቅናሽ አለ" ከተባላችሁ ዓርብን አሳልፉት።

2020 ሁለት ነገር አሳየችኝ።

መጋቢት ላይ ኮቪድ ሁሉን ዘጋ። እኔ የምሠራው መጦሪያ ውስጥ ነው፤ በሽታው ክፉኛ ያጠቃውም እንደዚህ ዓይነት ቤቶችን ነው። በጋራ ቤቱ ደግሞ ሽማግሌዎች አሉ። ውጪልን ቢሉኝ አልፈርድባቸውም ነበር። በዙም ተሰበሰቡ። "የትም አትሄድም" ብሎ የተሟገተልኝ ያ ሰሃን የማያጥብ ጎረምሳ ነው። ከጓሮ በኩል ለብቻው በር ያለውን ክፍል ለቀውልኝ እነሱ ተጣበው ተኙ። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ምግብ ተቀምጦ አገኛለሁ። ማሾው፣ ሻዩ በቴርሞስ። ሰሃኑ ታጥቦ ያብረቀርቃል። የምጦራቸው ሰዎች ሲሞቱ ያለቀስኩት በመስኮት በኩል ለነዚህ ሰዎች ነው። ማኅበር የምለው ይህን ነው፤ ዛሬም ውለታቸው አለብኝ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዮጊ ባጃን የቀድሞ ጸሐፊ የነበረች ሴት መጽሐፍ አውጥታ ነበር፤ ሰውዬው በሥልጣኑ ተጠቅሞ ምን እንዳደረጋት ጽፋለች። ሌሎችም ተከትለው ተናገሩ። ድርጅቶቹን የሚያስተዳድረው አካል ከውጪ መርማሪ ቀጠረ። ሪፖርቱ ነሐሴ ላይ ወጣ። ዮጊ ባጃን የወሲብ ጥቃትና ሌላም በደል የመፈጸሙ ነገር ካለመፈጸሙ የሚያመዝን መሆኑን ደመደመ። ልጅ ሆነው ህንድ ወደሚገኙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተላኩ፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች የሆኑት የነዚያ ሂፒዎች ልጆችም የደረሰባቸውን አወጡ።

የኛ ቤት ተሰነጠቀ። "የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፣ ስም ማጥፋት ነው" ያሉ ነበሩ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡ ነበሩ። "ሰውዬው ምንም ይሁን፣ ልምምዱ ይሠራል" ያሉም ነበሩ። እኔ ሦስተኛዎቹ በቶሎ ያለፉት መሰለኝ። ልምምዱ ይሠራል ማለት የሴቶቹን ጩኸት መሸፈኛ ሲሆን አይቻለሁና። ያኔ ነው ታሪኩን ራሴ ማንበብ የጀመርኩት። "ለዘመናት በምስጢር የተጠበቀ ጥበብ" እየተባለ ነበር የተማርነው። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ግን ዮጊ ባጃን ትምህርቱን ስዋሚ ዲሬንድራ ብራህማቻሪ ከሚባል ዮጋ አስተማሪና ማሃራጅ ቪርሳ ሲንግ ከሚባል የሲክ መንፈሳዊ ሰው ወስዶ እንደቀላቀለው ያሳያል። አዲስ መሆኑ አላናደደኝም፤ አዲስ ነገር መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ያናደደኝ ስንጠይቅ ዝም መባላችን ነው።

አሮጊቷን ማየት ከባድ ነበር። በሃያ ምናምን ዓመታቸው ገብተው ዕድሜያቸውን እዚያ ጨርሰዋል። ትዳራቸው እዚያ፣ ሥራቸው እዚያ፣ ጡረታ የሚሉት ተስፋ እዚያ። ለቀናት ከክፍላቸው አልወጡም። ከዚያ ወጡና መሰላል ጠየቁኝ። ፎቶውን ራሳቸው አወረዱት። አንድ ሰው ሊከራከራቸው ሲነሳ "እኔ ነኝ የሰቀልኩት" አሉ፤ ሰውዬው ተቀመጠ። ጥምጥማቸውን አላወለቁም። ንጋት ላይ መነሳታቸውንም አልተዉም።

ያን ጊዜ ማን እንደቆመና ማን እንደወደቀ አስተውያለሁ። ከማዕከሉ ውጪ ደመወዝ፣ ዘመድ፣ ቤተ እምነት ወይም የድሮ ጓደኛ የነበረን ሰዎች አዘንን፣ ተናደድን፣ ግን ሰነበትን። ቤቱም ሥራውም ወዳጁም አንድ ቦታ የነበረው ሰው በአንድ ሪፖርት ሁሉንም አጣ። ለዚህ ነው "ልግባ ወይ?" ላለችኝ ልጅ "ግቢ፣ ግን አንድ እግርሽ ውጪ ይሁን" ያልኳት። የባንክ ደብተርሽ በስምሽ። ሥራሽ ከነሱ ውጪ። በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ከማይመጡ ሰዎች ጋር ቡና። እቁብሽን አታቋርጪ። ክፍል የምትከራዪ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ብትወጪ የሚያስጠጋሽ ዘመድም አስቀድመሽ ይኑርሽ። ለመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ትልቅ ነገር አትወስኚ፤ አትፋቺ፣ አታግቢ፣ ሥራ አትልቀቂ።

"እንዴት ልውጣ?" ላለችኝ ደግሞ፦ በአንድ ቀን ሁሉንም አትቁረጪ። መጀመሪያ ሴቫውን ቀንሺ፣ ከዚያ ክፍሉን ልቀቂ፣ ትምህርቱን መጨረሻ ላይ። ከአስተማሪው ጋር የስንብት ክርክር አትግጠሚ፤ ሁለት መስመር መልእክት ይበቃል። የምትወጃቸውን ሰዎች ግን ለይተሽ ስልካቸውን ያዢ። ያዋረደሽ ወይም የነካሽ ሰው ካለ ቀኑንና የሆነውን ጻፊ፣ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ። "ማኅበሩን ታፈርሻለሽ" የሚለውን አትስሚ።

እኔ በ2021 ወጣሁ። ያንን ያደረግኩት ተጣልቼ አይደለም፤ ወረቀቴ ተስተካክሎ፣ ዕዳዬን ከፍዬ፣ የራሴን አንድ ክፍል ቤት ስላገኘሁ ነው። አሮጊቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ሽሮ ያለ በርበሬ እሠራላቸዋለሁ። አሁን ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ውስጥ የኛን ሴቶች ሰብስቤ አሠራለሁ፤ አብዛኞቹ አስታማሚዎችና ጽዳት ሠራተኞች ናቸው፣ ወገባቸውን የሚያማቸው። ክፍያ የለም፤ ተራዋ የሆነች ዳቦ ታመጣለች። ፎቶ የለም፣ ነጭ ልብስ ግዴታ አይደለም። "ሳ ታ ና ማ" ማለት የከበዳቸው ነበሩና ተወያይተን በሱ ፈንታ እስትንፋስ እንቆጥራለን፦ አራት ማስገባት፣ አራት መያዝ፣ ስድስት ማስወጣት። ደም ግፊት ያላቸው መያዙን ይዘሉታል። ጉልበት የሚያማት ወንበር ላይ ትሠራለች። ስትጀምሩ የግድ ማዕከል አያስፈልጋችሁም፤ ሁለት ሦስት ሰው፣ ምንጣፍና ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሻዩን ግን አፍልታችሁ አስቀምጡ፤ ሰው ለሻዩም ብሎ ይመጣል።